መዶሻና ጉጠት በደረቴ ላይ

ከሲያትል ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ሰፈሬም ሦስት ወር ሙሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያንን ሹል ግንብ ወጣህበት?» ይሉኛል። በፖስት ካርድ አይተውታል። አልወጣሁበትም። ባሕሩንም ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው፤ ያውም ዝናብ ሸፍኖት። አሜሪካን የሚያህል አገር ሄጄ በደንብ ያየሁት አንድ ጋራዥ፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽና አንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ደብቆ ስለ ፎቁ ብዛት ያወራ ነበር። እኔ ግን እዚያ ለማይሄዱ ሰዎች እንዳለ ልጽፈው ነው፤ ቢያንስ የቪዛው ሰልፍ ያጥር ይሆናል።

ስሜ ሰይድ ነው። ሥራዬ ብርና ወርቅ ነው፤ ደንበኛ ፊት «አንጥረኛ» እባላለሁ። አባቴ ወሎ ውስጥ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። አገሩ «ባለእጅ» ይለው ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ እጅ ሳይኖረው የተወለደ ይመስል። ባለእጅ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ያረፈበት ምግብ ያሳምማል፣ ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ይታመማል። አዲስ አበባ ገብቼ ከማረሻ ወደ ጉትቻ ስዛወር መጠሪያዬ አብሮኝ ተሻሻለ። ዓይኔ ግን ያው የአባቴ ዓይን ነው፤ እስካሁን ይፈራል።

የእህቴ ልጅ ዘሃራ አባቷ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ፊደል የቆጠረችውም እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ካደገች በኋላ ዲቪ ደረሳትና ሲያትል ገባች፤ እዚያው ከማል የሚባል የወሎ ልጅ አገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ የግብዣ ወረቀት ላከችልኝ፤ ቪዛውም ተመታልኝ። ልነሳ ስል ደውላ «ጋሼ፣ ትንንሾቹን የሥራ ዕቃዎችዎን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። በሙያዬ የምትኮራ ልጅ አሳድጌያለሁ ብዬ ሁለት መዶሻ፣ ሦስት ጉጠት፣ ሞረዶቼንና የብር መበየጃዬን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ በትንሽ ቦርሳ ያዝኩ።

ቅዳሜ ከቦሌ ተነሳሁ። አውሮፕላን ላይ ሁሉም ሰው እንደ ሆስፒታል በሽተኛ ለየብቻው በሳህን ይበላል፤ አንዱ ለሌላው «ብላ እንጂ» አይልም። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ አሜሪካ ብዙ ጊዜ የተመላለሰች ናትና ሥራዬን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምናገር እስከ ፍራንክፈርት ድረስ አስጠናችኝ። ኒውዮርክ ስንደርስ መኮንኑ ሻንጣዬን አስከፍቶ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ።

«ስሚዝ» አልኩት በሙሉ ልብ።

ፓስፖርቴን ገልጦ አየና «እዚህ ላይ የሚለው ሰይድ ነው» አለኝ።

ነርሷ ከኋላዬ ሆና «ስሚዝ» ያልኩት ስሜን ሳይሆን ቀጥቃጭነቴን እንደሆነ አስረዳችልኝ። ሰውየው መዶሻዬን አንስቶ በእጁ መዘነው፤ መልሶም አስቀመጠው። እንድሄድም በእጁ አመለከተኝ። አገሬ ላይ ሥራዬን እንዲህ በግልጽ ብናገር አንዳንዱ ሰው ቢያንስ ልጁን ወደ ኋላው ይሸሽግ ነበር። ይሄኛው እንኳን ሊፈራኝ ነገሬም አላለኝ፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

እሑድ አመሻሽ ላይ ሲያትል ደረስኩ። ዘሃራ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ባሏ ከማል ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነው፤ የሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ በሚኒባስ ያመላልሳል። «ሶ፣ ጋሼ፣ ፍላይቱ እንዴት ነበር? መኪናዋን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፓርክ አድርጌያታለሁ» አለኝ። ዘመዶቼ መሬት ላይ በሚኖሩበት ጊዜ የእነ ከማል መኪና ፎቅ ላይ ትኖራለች።

ከማል የማቆሚያውን ሊከፍል ሲሄድ ዘሃራ መኪናው ኋላ ቆመን ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ የከማል እናት ከእኛ ጋር ናቸው የሚኖሩት።»

«እሰየው።»

«እሳቸው የሚያውቁት እርስዎ ነጋዴ መሆንዎን ነው።»

«የምን ነጋዴ?»

«ዝም ብሎ ነጋዴ።»

«ታዲያ ዕቃዎን ይዘው ይምጡ ያልሽኝ ምን ልነግድበት ነው?»

አቀርቅራ ነገረችኝ። ሽማግሌ ስትንከባከብ ነው የምትውለው። ዋልተር የሚባል አንድ ፈረንጅ አለ፤ ድሮ ኤቨረት በሚባል ከተማ በአውሮፕላን ፋብሪካ ብረት ሲቆርጥ የኖረ፣ አሁን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ብቻውን የሚኖር። ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው የጥንት ባለሙያ ማኅበሮች ባጆች አሉት። ቅዳሜ ለሰው ሊያሳያቸው ነው፤ ስድስቱ ግን ከኋላ መርፌያቸው ተሰብሯል። አጎቴ ጥሩ ቀጥቃጭ ነው ብላ ነግራዋለች።

«ለፈረንጁ ነገርሽው፤ ለአማትሽ ግን ደበቅሽ» አልኳት።

የመኪናውን የኋላ ክዳን ዘጋችው። የዕቃ ቦርሳዬ በዚያው መኪናው ኋላ ተቆልፎበት አደረ። እኔ ነጋዴው ባዶ እጄን ገባሁ።

አማቷ እትዬ ሉባባ ረጅም፣ ጠይም፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የሚከናነቡ ሴት ናቸው። አፓርታማው ቱክዊላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ ኋላ ነው፤ ጎረቤቱ ከየአገሩ ተሰዶ የመጣ ነው። እትዬ ሉባባ ግን አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሲኖሩ ወሎን አንድ ቀን አልለቀቁም። «አንቱ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። የአባቴን ስም ተናገርኩ። «ምን ነበሩ?» አሉኝ። «ገበሬ» አልኩ፤ ማረሻ ሠሪ ከገበሬ ያን ያህል አይርቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በአንድ ትሪ ቀረብን። ሩዝና ዶሮ ነበር፤ በእጃቸው አጎረሱኝ፣ ደገሙኝ፣ ሦስተኛ አሉ። «ሰው እንዲህ ከደህና ዘር ሲመጣ ደስ ይላል» አሉ። ዘሃራ ውኃ ላምጣ ብላ ተነሳች።

ሰኞ ሙሉ ቀን ዘነበ። እዚያ ዝናቡ እንደኛ ተቆጥቶ፣ ጮሆ፣ ደብድቦ አይሄድም። ዝም ብሎ ይንጠባጠባል፤ ሥራ እንደሌለው እንግዳ ተቀምጦ ይውላል። እኔም እንደ ዝናቡ ተቀምጬ ዋልኩ። እትዬ ሉባባ ስለ ንግዴ ጠየቁኝ። ዕቃው ምን እንደሆነ ገና ከዘሃራ ጋር ስላልተስማማን «ልዩ ልዩ» አልኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ዘሃራ «ጋሼን ከተማ ላሳያቸው» ብላ ይዛኝ ወጣች። ቀጥታ ዋይት ሴንተር ሄድን። ዋልተር በር ላይ ይጠብቀናል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ እጁ ግን ቅጠል ነው። ሰላም ሲለኝ መዳፌን ገልብጦ አየው፤ ጠባሳውን ቆጠረ፣ ከዚያ የራሱን መዳፍ ገልብጦ አሳየኝ። ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እንግሊዝኛዬ ከ«ስሚዝ» አያልፍም፤ የእሱም አማርኛ ከዚያ አይሻልም። ግን ተዋወቅን።

ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ ባጆች አሉ፤ የናስ፣ የነሐስ፣ የብር። የዳቦ ጋጋሪዎቹ እንደ ገመድ የተቋጠረ ዳቦ አለው፤ የጫማ ሰፊዎቹ ቡትስ፤ የልብስ ሰፊዎቹ መቀስ፤ የቁልፍ ሠሪዎቹ ቁልፍ። መካከል ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው የናስ ባጅ ነበር፤ መዶሻና ጉጠት ተጠላልፈውበታል፣ ከላያቸው ዘውድ አለ። እኔ የማውቀው መዶሻና ጉጠት ከላዩ ጥላሸት እንጂ ዘውድ ኖሮት አያውቅም። ተሳስተው ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ።

ዘሃራ እየተረጎመች ዋልተር አስረዳኝ። በአውሮፓ ድሮ ባለሙያዎች በየሥራቸው ማኅበር ነበራቸው። ሥራውን ተምሮ ያልተፈተነ ሰው ባጁን አያደርግም። በበዓል ቀን በደረታቸው አድርገው በአደባባይ ይሄዱ ነበር። አባል ሲሞት ደግሞ ማኅበሩ በሙሉ ይወጣል፤ ሳህን የሚያህል ባጅ ሬሳው በተሸፈነበት ጨርቅ ላይ ይንጠለጠላል።

«እድር ነዋ» አልኩ።

ዘሃራ እድርን ለመተርጎም ብዙ ደከመች። ዋልተር በጣም ደስ አለውና «የእናንተስ ባጅ የታለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኛ እድር ድንኳንና ድስት ነው ያለው በይው» አልኳት።

ዋልተር ቀጥሎ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጣ። የስልክ ማውጫ ነው። አንድ ገጽ ገለጠ፣ ሌላም ገለጠ፣ ሌላም። ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ነው፤ ስሚዝ፣ ስሚዝ፣ ስሚዝ። «ሁሉም የቀጥቃጭ የልጅ ልጆች ናቸው ይላል» አለችኝ ዘሃራ። ገጹን በጣቴ ተከተልኩት። ከነአድራሻቸው ነው። በአገራችን ቢሆን ማን ከማን እንዳይጋባ ለመለየት ግሩም መጽሐፍ ይወጣው ነበር። እዚህ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ስማቸውን ሰጥተው ያሳተሙት ነው። ዘሃራ ስትተረጉም ዓይኔን አላየችኝም።

ሥራ ጀመርኩ። የዋልተርን ትንሽ የጋዝ እሳት ለኩሼ መጀመሪያውን መርፌ ስበይድ ከጣሪያው ላይ አንድ ነገር ጮኸ። ጦርነት የተነሳ መስሎኝ ባጁን ይዤ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ዋልተር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበውና ዝም አሰኘው። ጭስ ሲያይ የሚጮኽ ዕቃ ነው አሉኝ፤ በየቤቱ አለ። ጭስ አይተው የሚጮኹ ሰዎች እንኳ አገሬ ላይ በበቂ አሉ፤ ማሽን አላስፈለገንም። በግርግሩ አውራ ጣቴን አቃጠልኩ።

ማታ እትዬ ሉባባ ጣቴን አዩት። «ምን ነካው?»

«ሻይ» አልኩ።

«በአንድ ጣት ነው የሚጠጡት?» አሉኝና ወደ ትሪው ተመለሱ።

ረቡዕም እንደዚያው ዋልን። ከባጆቹ አንዱ ብር ይመስላል፤ ግን ሲነኩት ይከብዳል፣ በጥፍር ይጫራል። እሳት ቢያይ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት ነው። ሳልበይድ በትንንሽ ምስማር ከኋላ አሰርኩለት። ዋልተር ይህን ሲያይ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ እስክንጨርስ አልተነሳም። አንዳንዴ ሞረዱን ሳልጠይቀው ያቀብለኛል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን የሚያቀብለኝ የምፈልገውን ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ የተቀመጠው አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊች ሠራልን፤ የእኔ አሳማ እንደሌለበት ሦስት ጊዜ ማለልኝ፤ ፓኬቱንም አምጥቶ አሳየኝ።

የዚያን ማታ የእትዬ ሉባባ ጥያቄ ተራዘመ። «ዛሬስ ምን አያችሁ?»

«ያንን ሹል ግንብ ወጣንበት» አልኩ፤ ከመኪና ሆኜ ጫፉን አይቼ ነበር።

«በደረጃ ነው ወይስ በአሳንሰር?»

«በደረጃ» አልኩ። «ትንሽ ያደክማል።»

ከማል ሳል ያዘው። እትዬ ሉባባ እኔን አዩኝ፣ ጣቴን አዩት፣ ጥፍሬን አዩት። «ጎበዝ ነዎት» አሉኝ። በኋላ እንደሰማሁት በደረጃ የሚወጣበት ሰው የለም፤ እሳቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ ወጥተውበታል።

ሐሙስ የመጨረሻውን ጨረስኩ። ዓርብ ከከማል ጋር ጁምዓ ሰገድኩ፤ የዚያ ሳምንት እውነተኛ ቀኔ እሱ ብቻ ነው፣ ማንም ሥራዬን አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ዓውደ ርእይ የተባለው ነገር ዋይት ሴንተር አጠገብ ባለ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሆነ። ሰው እንዴት ይጨናነቅ ይሆን ብዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። አሥራ አራት ሽማግሌ፣ አንድ ሳህን ብስኩትና አንድ የሚያንቀላፋ ውሻ አገኘሁ። ዋልተር ሹክ ቢል በሚሰማበት ክፍል ማይክሮፎን ይዞ ተነሳ። ተናግሮ ተናግሮ ስሜን ጠራ። ከዚያ የመዶሻና የጉጠቱን ባጅ ከሣጥኑ አወጣ፤ በሚንቀጠቀጥ እጁ ደረቴ ላይ ሊሰካው ሞከረ፣ አቃተው፤ ዘሃራን ጠራትና እሷ ሰካችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«እነዚህን ያደረጉ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል፤ ዛሬ ግን አንዱ በሕይወት መጥቶልናል አለ። የሠራው መርፌ ከባጁ በላይ ይኖራል አለ። ባጁም የእርስዎ ነው፤ እኔ ሁለት አለኝ አለ።»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ነበር። አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቀጥቃጭ በመሆኔ ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት አሮጊት መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያዝ አድርጋ ለቀቀች። አልታመመችም፤ ብስኩቷንም በላች።

ልንሄድ ስንል የዘሃራ መኪና አልነሳ አለች። ዋልተር በራሱ ጭነት መኪና ሊያደርሰን ተነሳ። ቱክዊላ ስንቃረብ ዘሃራ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ባጁን ያውልቁት» አለችኝ። ሽማግሌውን ደጅ ላይ መመለስ ነውር ነው፤ ቤት መግባቱ አይቀርም፤ እትዬ ሉባባም ያያሉ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ያንን መርፌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ጥፍር ይከፈታል።

«አልከፈት አለኝ» አልኳት።

እትዬ ሉባባ ለእንግዳ ሲሆን እጃቸው አያጥርም። ትሪው ሞልቶ መጣ። ዋልተር በደስታ በላ፤ በመካከል ደግሞ ወደ እሳቸው ዞሮ ረጅም ንግግር አደረገ፤ በእጁ ወደ እኔ እያመለከተ። «ምን ይላል?» አሉ እትዬ ሉባባ።

ከማል ሚስቱን አየ። «ኦኬ… እንደ ጋሼ ሰይድ ያለ ሰው የለም፤ በጣም ጎበዝ ነጋዴ ናቸው ይላል።»

ዋልተር ነገሩ እንዳልገባቸው መስሎት ሊያግዝ ፈለገ። በግራ እጁ ጉጠት ያዘ፣ በቀኙ አየሩን ቀጠቀጠ፤ ከዚያ «ቲስስ» አለ፤ ብረቱን ውኃ ውስጥ መንከሩ ነው።

«ነጋዴ ሲሸጥ እንዲህ ነው የሚያደርገው?» አሉ እትዬ ሉባባ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰይድ፣ ደረትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«መዶሻና ጉጠት።»

«የማን?»

ዘሃራ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትሪውን ታያለች። ስድስት ቀን ሙሉ ነጋዴ ሆኜላታለሁ። አንድ ቀን ልጨምርላት እችል ነበር፤ እንግዳ ነኝ፣ እሄዳለሁ።

«የቀጥቃጮች» አልኩ። «የእኔ። አባቴም ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር እንጂ ገበሬ አልነበረም። ይቺን ልጅ ያሳደግኳት በመዶሻ ነው፤ ሌላ የነገድኩት ነገር የለም።»

እትዬ ሉባባ አልጮኹም። የትሪውን ክዳን አንስተው ምግቡን ከደኑት፤ ነጠላቸውን ሰብስበው መኝታ ቤታቸው ገቡ። ዋልተር ማንን እንዳስቀየመ ሳያውቅ ይቅርታ ይለኝ ጀመር። ከማል ክዳኑን መልሶ ከፈተውና «ሶ፣ እኔ መጀመሪያውኑ አውቅ ነበር» አለ ለሚስቱ። «ፎቷቸውን አሳይተሽኝ የለ? ከኋላቸው ወናፍ ይታያል።» ጎረሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእሱ የደበቀችውን ምስጢር ሩዝ እያኘከ መለሰላት።

እሑድ ጠዋት ለእኔ ለብቻዬ ሳህን ቀረበልኝ። አውሮፕላን ላይ እንዳለሁ ቆጠርኩት። እትዬ ሉባባ በአጠገቤ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ድስታቸውን ይሸፍናሉ። እኔም ሰውን ላለማስጨነቅ ዓይኔን እንደ ዕቃ ይዤ መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ዘሃራ ከቤቱ አጠገብ ያለ ወንዝ ዳር ወሰደችኝ። አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ አፍሬብዎት አይደለም።»

«አፍረሽብኝ ነው።»

«አዎ» አለች። «ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ከማል ለጋብቻ ሲጠይቀኝ እናቱ የማን ዘር ናት አሉ። አንዴ ነጋዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ዋልተር ጋ ግን ስለ እርስዎ አውርቼ አልጠግብም፤ ሁሉን ነው የማጫውተው፣ እሳቱን፣ ወናፉን፣ ለእኔ የሠሩልኝን ትንሿን ቀለበት። እዚያ ስናገር ማንም አይሸሽም።»

ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበር፤ ይህን ስሰማ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። «ታዲያ ዲቪ የሚሉት ይሄ ነው» አልኳት። «በአገርሽ ቋንቋ የማትናገሪውን በሰው አገር ቋንቋ መናገር።» እየሳቀች አለቀሰች። አመሻሽ ላይ ከማል መኪናዋን ጠግኖ አመጣት፤ የዕቃ ቦርሳዬንም ከኋላዋ አውጥቶ ቤት አስገባውና በር ላይ ከጫማዎቹ ጋር አስቀመጠው።

ሰኞ ሁለቱም ሥራ ሄዱ። እኔና እትዬ ሉባባ ብቻ ቀረን። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ መጡና ጠረጴዛው ማዶ ቆሙ።

«ነጋዴው» አሉኝ።

«አቤት።»

«አገር ቤት ብር የሚጠግን ሰው ያውቃሉ?» ከመሐረብ ውስጥ አንድ አምባር አወጡ። ወፍራም፣ ያረጀ፣ ለሁለት የተሰበረ።

«አንድ አውቃለሁ። ግን ባለእጅ ነው፤ ዓይኑን አይፈሩም?»

«እኔ የምፈልገው እጁን ነው። ዓይኑን እሱ ራሱ ይጠብቀው።»

ቦርሳዬን ከጫማዎቹ መካከል አመጣሁ፤ ዋልተር የሰጠኝን ትንሽ የጋዝ እሳት አወጣሁ። ጣሪያው ይጮኻል ብዬ ሳስጠነቅቃቸው ወንበር ላይ ወጥተው ባትሪውን ነቀሉት። «ሽንኩርት ስጠብስ ሁሌ የማደርገው ነው» አሉ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ፊታቸውን አላዞሩም።

ሥራው ጥሩ ነበር። ጠርዙ ላይ እንደ ገብስ ዘለላ የተደረደረ ቅርጽ አለው፤ እንዲያ ያለ ትዕግሥት አሁን እኔም የለኝም። «ማን ነው የሠራው?» አልኳቸው።

«የሰፈራችን ባለእጅ ነዋ። እናቴ ስትዳር የሠራላት ነው። ሰዎች ለሥራው ዋጋ እህል የሚሰፍሩለት ደጅ ሆነው ነበር፤ ቤቱ ማንም አይገባም። እኛ ልጆች በደጁ ስናልፍ ፊታችንን እንሸፍን ነበር። ሲሞት ከልጆቹ በቀር ከኋላው የሄደ ሰው አላየሁም። እናቴ ግን የዚያን ቀንም ይሄ አምባር እጇ ላይ ነበር።»

«ስሙ ማን ነበር?»

እትዬ ሉባባ አሰቡ። ከአፋቸው ሊወጣ የደረሰ የመሰለኝ ጊዜ ነበር፤ አልወጣም። «ባለእጁ ነበር የምንለው» አሉ። «ስም ይኖረው ነበር መቼም።»

አምባሩ ገጠመ። ሞረድኩት፣ ወለወልኩት፣ የተበየደበት ምልክት ሲጠፋ አሳየኋቸው። ጣታቸውን አዙረው ፈለጉት፤ አላገኙትም።

«ስምዎን ይጻፉበት» አሉኝ። «ከውስጥ በኩል። ከማይታየው።»

ቀጥቃጭ ዕድሜውን ሁሉ ከመዶሻ ድምፅ ጋር ስለሚኖር ጆሮው ደህና አይሰማም። ከውጭ በኩል ጻፍኩት።

አማርኛ አያነቡም፤ የቁርኣን ፊደል ነው የተማሩት። «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሰይድ፣ ባለእጅ።»

«ባለእጅ የሚለው የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ፊደሉን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ እንደማይለቅ ሲያውቁ አምባሩን አጠለቁት። «ሩዙ እንዳያርብኝ» ብለው ወደ ምድጃው ሄዱ።

ማክሰኞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሊሸኙኝ ሁሉም መጡ። ዋልተር በጭነት መኪናው መጣ፤ እትዬ ሉባባም ሁለት የወሎ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ፤ ሁለቱም በዘራቸው የሚኮሩ፣ ሁሉንም ነገር የሚጠይቁ ሴቶች ናቸው። እትዬ ሉባባ ረጅም እጅጌ ያለው ቀሚስ ለብሰዋል፤ እጅጌውን እስከ ጣታቸው ስበውታል። እኔም ባጄን ኮቴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ በመጨረሻው ቀን ሰው ፊት ላሳፍራቸው አልፈለግኩም።

ዘሃራ እኔን አቅፋ ቆየች። ከዚያ እጇን ኮቴ ውስጥ አስገብታ ባጁን አወጣችና ከላይ ሰካችው፤ በሴቶቹ ፊት። «አጎቴ ቀጥቃጭ ናቸው» አለቻቸው፤ በአማርኛ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ በሩን አልፌ መተላለፊያው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ዞርኩ። ከማል እጁን አነሳ፤ ዋልተር የሚንቀጠቀጠውን አነሳ። እትዬ ሉባባም ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሲያውለበልቡ እጅጌያቸው ወደ ክርናቸው ወረደ። አንደኛዋ ጎረቤት አምባሩን አየችና ለማንበብ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

እትዬ ሉባባ እጃቸውን አላወረዱም።